ሃያ አንደኛው ቤት

ከወገልጤና በላይ፣ ውርጭ ከሰው ቀድሞ በሚነሣበት፣
አርባ አንድ ደጃፍ አለ፣ ስሙ ከኔ መዝገብ ያለበት።
በየአምስት ዓመቱ እመጣለሁ፤ ያው ቅጽ፣ ያው ጥያቄ፣
ክላሴሬን ከብብቴ፣ እርሳሴን ከጆሮዬ ሰንቄ፦
"ባለፈው አስራ ሁለት ወር ስንት ብር ገባ እዚህ ቤት?"
መጀመሪያ ውሻው ይመልሳል። ቀጥሎ ዝምታ። ቀጥሎ፣ "እንዴት?"

በዘጠና ዘጠኝ፦
"ገብስ ሦስት ዳውላ፣" አሉኝ አያ ጓንጉል፣ "ምስሩን ውርጭ ላሰው፤
አንድ ሙክት ሸጥሁ፣ እጄ ሳይሞቅ የማዳበሪያ ዕዳ ጨረሰው።
የእንቁላሉን እታገኝን ጠይቅ፣ እኔ አላውቅም የሷን ነገር።"
እታገኝ ከጓዳ ሳቀች፦ "የዶሮ ምስጢር ለመንግሥት ይነገር?"

ደመርሁ። ቁናውን በገበያ ዋጋ መታሁት፣ ብር ሆነ፤
ልጆች የበሉት ቆሎ እንኳ ሳይሸጥ ተተመነ።

ማታ በኩራዝ፣ አርባ አንዱን ቤት ከታች ወደ ላይ ደረደርሁ፤
ሃያ ከግርጌ፣ ሃያ ከራስጌ፣ መሃል የቆመውን ቆጠርሁ።
ሃያ አንደኛው አያ ጓንጉል ናቸው።
የወረዳው ልክ እሳቸው፣ የወረዳው ቁመት ቁመታቸው።
እሳቸው ይህን አያውቁም፤
በዚያ ሰዓት በረት ገብተው የታመመች ጥጃ ያሻሉ።

በሁለት ሺህ አራት ገደሉ ኦፓል አወጣ፤
የስንዱ ልጅ አበጋዝ በገመድ ወርዶ፣ በሞተር ሳይክል ወጣ።
በአንድ ድንጋይ አማካዩ ዘለለ፣ ዋናው ቢሮ ደስ አለው፤
መሃሉ ግን እንቅልፉን ተኛ፣ ወሬውም አልደረሰው።
ጫፍ ላይ ያለ ቢከብር፣ መሃል የቆመ አይገፋም፤
የአንዱ ኪስ ስለከበደ የሌላው ጎተራ አይሰፋም።

ያን ጊዜ ሃያ አንደኛዋ ጦይባ ሙሄ ነበረች።
ጅዳ ያለች ልጅ አላት። "ምን ትልክልሻለች?"
"አንዳንዴ ብር፣" አለች፣ "አንዳንዴ ድምጿን።"
ብሩን "ሌላ" ከሚለው ዓምድ ከተትሁት።
ድምጿ ዓምድ የለውም።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ብሩ እጥፍ ሆነ፣ ሠንጠረዡ ፈገገ፤
በገብስ ዋጋ ባካፍለው፣ ያው ሦስት ዳውላ፤ አንድ ቁና አላደገ።

በአስራ አራት አልሄድንም።
መንገዱ ላይ የነበረውን ሁሉም ያውቃል፣ እኔ አልጽፈውም።
በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ "የጎደለው ዓመት በግምት ይሞላ፤
ከነበረው እስከሚመጣው ቀጥ ያለ መስመር ይበቃል፣ አትጨምር ሌላ።"
ማስመሪያ ተውሼ አሰመርሁ።
እንዲህ ለጥ ያለ መንገድ ደላንታ ላይ አይቼ አላውቅም።

በአስራ ስድስት ተመለስሁ። አርባ አንድ ደጃፍ ፈለግሁ፤
ሠላሳ ሦስት አገኘሁ።
ስምንቱ በራቸው በእሾህ ታስሯል፣ ሣሩ ከደጃፍ አልፏል፤
"ኮምቦልቻ ይሆናሉ" አለኝ ጎረቤት፣ ወይም ዝም ብሎ አፈር ያያል።
ቅጹ "ያልተገኘ" ይላል፤
ለምክንያቱ የተተወው ቦታ ሁለት ጣት አይሞላም።

ስምንቱም ከሰልፉ ግርጌ ነበሩ።

የቀሩትን ደረደርሁ፤ መሃሉ ከፍ ብሏል።
"እድገት!" አለኝ አለቃዬ በስልክ፤ ሲስቅ ይሰማኛል።
ማንም አልበለጸገም፣ ጎተራም አልተጨመረ፤
እግሩ ተቆርጦ ነው ገላው፣ ደረቱ ወገብ ተብሎ የተቆጠረ።

መጨረሻ አያ ጓንጉል ዘንድ ገባሁ። እታገኝ የለችም።
የእንቁላሉን ጥያቄ ዘለልሁት።
ያኔ ሰልፉ መሃል እንደነበሩ፣ ስንት ዓመት ይዤው፣ ነገርኋቸው።
ጢማቸውን ዳበሱ። "ዛሬስ?"
"ሦስተኛ።"
"ከላይ?" ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነ።
"ከኔ በታች እንግዲህ ሁለት ቀሩ በለኛ።
ማን ማን እንደሆኑ አትንገረኝ። እኔም አውቃለሁ።
ብቻ ሂድና ቀስ ብለህ ቁጠራቸው።"

ከመንገዱ መኪናው ጥሩምባ ነፋ።
የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቁ ያበቃበት ሰዓት።
ዐሥር ከሩብ ብዬ ጻፍሁ።